እምቢ ያለችው ምራት

አንድ አዛውንት ሸማኔ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው የተበጠሰ ድር መቀጠል አቃታቸው። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀራቸው ይሄው ሞራ የጋረደው ብቻ ነበር።

ሐኪሙ ሞራውን አነሳላቸውና ምራታቸውን ትብለጥን ጠርቶ፣ «ቁስሉ እስኪድን ከዚህ ጠብታ በቀር ዓይናቸው ውስጥ ምንም እንዳይገባ፤ ውሃም ቢሆን። ጠብታውንም እጅሽን በሳሙና ታጥበሽ ነው» አላት። ትብለጥ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ የሚጠባ ልጅ ያላት፣ አማቷ ፊት ቀና ብላ የማታወራ ሴት ናት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

በማግስቱ ጎረቤቱ «እንኳን እግዜር ማረዎት» ሊል ቤቱን ሞላው። ሸማኔው ዓይኔን ቆረቆረኝ አሉ። ይሄኔ የሰፈሩን አራስ ሁሉ ያረሱት እትዬ ዘርፌ፣ «መድኃኒቱ እዚሁ አለ አይደል እንዴ! ነይ አንቺ፣ ከጡትሽ ጠብ አድርጊላቸው። የስንቱን ልጅ ዓይን አድነንበታል» አሉ።

ሸማኔውም አንገታቸውን ቀና አድርገው ጠበቁ።

«አይሆንም፣ እትዬ» አለች ትብለጥ።

«ምነው፣ ወተቱን ለአማትሽ ሰሰትሽ?» ቤቱ በሳቅ ሞላ።

«ደሜንም አልሰስትባቸው። ግን ዓይናቸው ዛሬ ቁስል ነው፤ ቁስል ላይ ወተት አላፈስም።»

«ወይ ጉድ! አፍ አወጣችላችሁ!»

«ይቀየሙኝ፣ እትዬ። ቅያሜ ያልፋል። ይሄ ዓይን ከመረቀዘ ግን ሌላ የላቸውም።»

ትብለጥ እጇን ታጠበች፤ የጠብታውን ጠርሙስ ጫፍ ዓይናቸውን ሳታስነካ አንድ ጠብ አደረገች። ሸማኔው፣ «በቃ፤ ልጄ ያለችው ነው» አሉ። ምራቴ አላሉም።

ዓይኑ ዳነ። ሸማኔው ዛሬም የሸማውን ጥለት ራሳቸው ይጥላሉ።

ሰንበት ብሎ እትዬ ዘርፌም ሞራ ተነሳላቸው። ገና ከሕክምና ቤት እንደተመለሱ፣ «ያቺን እምቢተኛ ላኩልኝ!» ብለው ላኩ። ሸማኔው ደረታቸውን ነፍተው፣ «እምቢተኛዋ የኔ ናት፤ አውሳቸዋለሁ በሏቸው» አሉ።

ሐኪም ሞራውን ያነሳል፤ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ የሚጠብቀው ግን ቤት ያለው ሰው ነው። ሁሉም በፍቅር ሲሳሳት እምቢ ማለትም ከፍቅር ይቆጠራል። እናንተስ የምትወዱት ሰው ዓይን ፊት ስትቀርቡ መጀመሪያ እጃችሁን ታያላችሁ?

ትብለጥ እትዬ ዘርፌ ቤት ስትደርስ ጠብታውን ራሷ አላነሳችም። የእትዬን ልጅ ወደ ደጅ ጠራቻትና፣ «አብረሻቸው የምትውዪው አንቺ ነሽ፤ ጠብታውን አንቺ ታደርጊያለሽ» ብላ ሳሙናውን ሰጥታት ውሃ አፈሰሰችላት።