ባላምባራስ ደርሰህ የጣለው ቀይ ድንጋይ

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አገሩን አልነግራችሁም፤ ዘሮቹ ዛሬም አሉና ይቀየሙኛል።

በዚያ አገር ባላምባራስ ደርሰህ የሚባል ትዕቢተኛ ጌታ ነበር። ይርዳው የሚባል ቀጥቃጭም ነበር። የአገሩ ሰው በይርዳው ማረሻ እያረሰ፣ ይርዳውን ግን «ቡዳ ነው» ብሎ አብሮት አይበላም። እፍረት የሚባል አልፈጠረባቸውም!

ይርዳው ከጎጆው በላይ ካለው ኮረብታ ቀይ ድንጋይ ይቆፍራል። ከስክሶ ከከሰል ጋር ምድጃ ይከተዋል፣ ሚስቱ ወናፉን ትነፋለች፣ ብረት ይወጣል። የልጆቹ እንጀራ ይኸው ኮረብታ ብቻ ነው።

ባላምባራስ ቀናበት። «አንተ! ከዚህ ምንድን ነው የምታወጣው?»

«ይኼን ቀዩን፣ ከባዱን ድንጋይ ነው ጌታዬ። ብረቱ እሱ ውስጥ ነው።»

«ድንጋይ ብረት ሊወልድ? አፈር ብላ! ብረት ያለው የሚያብለጨልጨው ድንጋይ ውስጥ ነው፤ እሱን ደብቀህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ኮረብታው የኔ ነው!»

ይርዳው አለቀሰ። ክረምቱ ደርሷል፣ ድንጋይ ከሌለ ማረሻ የለም፣ ማረሻ ከሌለ ልጆቹ ጦማቸውን ማደራቸው ነው።

ባላምባራስ ጭሰኞቹን አሰማራ፤ የእርሻውን ማረሻ ሳይቀር ለቁፋሮ አዋለው። ቀይ ድንጋይ ወጣ። «ይኼን ምናምንቴ እዚያ ቡዳ ደጅ ጣሉት! ጎጆው ይቀበር!» ድንጋዩ ተንከባሎ ይርዳው ደጅ ቆመ። ይርዳው አየው፣ እንባውን ጠረገና «እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ!» ብሎ እጅ ነሣ።

በነጋታው የባሰ ቀይ፣ የባሰ ከባድ ወጣ። «ይኼን ምናምንቴ ጣሉት!»

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ!»

«በሐዘን አበደ» አለ ባላምባራስ ሆዱን ይዞ እየሳቀ። አይ ጅል! ለሚጠላው ሰው በነፃ እየቆፈረ የሚስቀው እሱ ነው! ለራሱ ያስቀረውማ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሚላጥ፣ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው። ጎተራ ሙሉ! እሳት ውስጥ ቢከቱት ብረት ሳይወጣው ተፈርክሶ ቀረ።

ዝናቡ ጣለ። የባላምባራስ ማረሻ በቁፋሮ ተሰባብሮ አልቋል። ማረሻ ፍለጋ ይርዳው ደጅ ቢወርድ፣ ገበሬው ሁሉ ከተከመረው አዲስ ማረሻ ሊገዛ ተሰልፎ ሲያገኘው ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይኼ ሁሉ ብረት ከየት መጣ?»

«እርስዎ ላኩልኝ እኮ! መጀመሪያም እውነቱን ነግሬዎት ነበር። ከቀጥቃጭ አፍ ስለወጣ ናቁት።»

«እሺ፣ ለማረሻው ምን ልስጥህ?»

«ኮረብታዬን ይመልሱ። ደግሞ ቁጭ ይበሉና ከኔ ጋር ከአንድ መሶብ ይብሉ፣ አገር እያየ።»

ባላምባራስ ሰማዩን አየ፣ ጦሙን ያደረ እርሻውን አየ፣ «ኮረብታው ያንተ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። ይርዳው አጎረሰው። ዋጠ። ተሰልፎ የነበረውም ገበሬ አንገቱን ደፍቶ፣ እጁን ታጥቦ ወደ መሶቡ ቀረበ።

ባለሙያን የናቀ፣ ሲሳዩን በናቀው ሰው ደጅ ያራግፋል።