ሳትነሳ ሰባት ጊዜ ያለፈች ጦጣ

ተቀመጡ፤ ልቁጠራችሁ። አሥራ አንድ። አዋቂዎቹንም ጨምሬ ነው፤ ተረት ፊት ሁሉም እኩል ነው። ስጨርስም እቆጥራችኋለሁ።

ድሮ፣ ዓመቱን ቆጥሬ ባልደረስኩበት ዘመን፣ ስሙን ማንም ባልነገረኝ አገር፣ እንስሳት በአንድ ወንዝ ዳር ይኖሩ ነበር። ወንዙ አንድ መሻገሪያ ብቻ ነበረው። ከመሻገሪያው አጠገብ ማጥ አለ፤ ከማጡ በላይ የሾላ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ደግሞ እመት ጦጢት አለች።

እመት አህይት በየወሩ ቆላ ወርዳ ለአገሩ ሁሉ የሚላስ ጨው ታመጣ ነበር። አንድ ቀን ስምንት አሞሌ ተጭና ስትመለስ እግሯ አዳለጠና ማጡ ውስጥ ገባች። መጀመሪያ እስከ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ እስከ ሆዷ፣ ቀጥሎ እስከ አንገቷ ሰመጠች። ጮኸች። ጭቃው ጉሮሮዋ ሲገባ ጩኸቱም ቀረ።

ያን ጊዜ እመት ኤሊ ከጧት ጀምራ ወደ ውሃው ስትሄድ ቆይታ ገና መድረሷ ነበር። ለመጎተት ጉልበት የላትም፤ ለመጣራት ድምፅ የላትም። ጀርባ ግን አላት። ማጡ ውስጥ ገባችና ከአህይት አገጭ ሥር ቆመች። የአህይት አፍንጫ ከጭቃው በላይ ሆነ።

«አይዞሽ» አለቻት ኤሊ። «መንገድ ዳር ነው፤ አላፊ አይጠፋም።»

እውነቷን ነው፤ አላፊ አልጠፋም።

አያ ጎሽ መጣ። «ምን ሆና ነው?»

«ሰጥማ ነው፤ ጎትታት።»

«ብቻዬን? የኔን ያህል ጉልበት ያለው ሌላ ሳይመጣ አይቀርም።» አየ፣ አዘነ፣ አለፈ።

ጦጢት ከላይ ሾላዋን እያላመጠች «አንድ» አለች።

አያ ዝንጀሮ መጣ። አህይትን አየ፤ ቀና ብሎ ደግሞ ጦጢትን አየ። «ጦጢት ነብር ስታይ አገሩን በጩኸት ታናውጥ የለ እንዴ? አሁን ዝም ካለች ነገሩ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው» አለ። አየ፣ አዘነ፣ አለፈ።

«ሁለት» አለች ጦጢት።

አያ ጅቦ መጣ። «እመት ኤሊ ሙች፣ ብጎትታት ደስ ባለኝ» አለ። «ግን እኔ የአህያ ጆሮ በጥርሴ ይዤ ብገኝ፣ ልረዳት ነው ብሎ የሚያምነኝ ማን ነው?»

«እኔ እመሰክርልሃለሁ።»

«አንቺ ሸንጎ ደርሰሽ እስክትመሰክሪ የኔ ተዝካር ይወጣል።» አየ፣ አዘነ፣ አለፈ። እንዲያውም ከሁሉ ይበልጥ ያዘነው እሱ ነው።

«ሦስት» አለች ጦጢት።

የቀሩትን አራቱን አልዘረዝርም። ጥንቸል ከኔ በኋላ ትልቅ ይመጣል አለች። ፍየል ዘመዴ አይደለችም አለች። ሌሎቹ ሁለቱ ቸኩለው ነበር፤ ወዴት እንደቸኮሉ እነሱም አያውቁትም። አዩ፣ አዘኑ፣ አለፉ።

«ሰባት» አለች ጦጢት፤ ሌላ ሾላ ቀጠፈች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የአገሩ ዳኛ አባ ጃርት ውሃ ሊጠጣ ወረደ። አየና እሪ አለ። እሪታውን ሰምቶ አገሩ ሁሉ መጣ። ሰባቱም መጡ፤ ለካ ብዙም አልራቁም ነበር። ሐረግ አሰሩባትና ጎሽ፣ ዝንጀሮና ጅብ ጎተቱ። በሰው ፊት ስለሆነ ጅብም ጎተተ። አንድ ጊዜ ቢጎትቱ አህይት ወጣች። ልብ በሉ፤ ያለፉት ሰባት ናቸው፤ ለማውጣት የበቁት ሦስት ናቸው።

ከስምንቱ አሞሌ ሦስቱ ሟሙ። አህይት እግሯ ተሰብሯል፤ ትንፋሽ እንጂ ድምፅ የላትም።

የዚያ አገር ሕግ አጭር ነበር፤ የወደቀ አይቶ ያለፈ፣ የወደቀውን ጭነት ይሸከማል። ማን እንዳለፈ ለማወቅ ደግሞ አውጫጭኝ ይጠራል። አገሩ ሁሉ አንድ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ እውነቱ እስኪወጣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም፣ የሚበላም የለም።

በማግሥቱ አባ ጃርት ሾላው ሥር አውጫጭኝ ተቀመጠ። «አህይት እንዴት ወደቀች? ማን አየ?» ብሎ ጠየቀ።

እኔ አይቻለሁ ያለ፣ አልፌአለሁ ማለቱ ነው። ስለዚህ ያየ ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ጎሽ ጉሮሮውን ጠረገና «አህይት አጠገብ የተገኘችው ኤሊ ናት» አለ።

«አዎ፣ ኤሊ ናት» አሉ ስድስቱ። እነዚህ ሰባቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

«እመት ኤሊ፣ ገፍተሻታል?» አለ ጃርት።

«ጌታው፣ እኔ ቁርጭምጭሚቷም ጋ አልደርስ።»

«ካልገፋሻት ታዲያ ለምን እዚያ ቆምሽ?» አለ ጅብ። «ንጹሕ የሆነ እኮ ያልፋል።»

«የቆምኩት ስለሰመጠች ነው» አለች ኤሊ። ያለፉትን ሰባቱንም ጠራች፤ ነገር ግን ተከሳሽ በሌላው ላይ አይመሰክርም ተባለች።

ጃርት ጨነቀው። ለገፋ የተደነገገው ቅጣት ከወንዙ መባረር ነው። የሚቀጥለው ወንዝ በኤሊ እርምጃ የአርባ ቀን መንገድ ነው። ኤሊዋ ደግሞ ያለ ውሃ ከሃያ ቀን በላይ አትቆይም። ሂሳቡን እናንተ ጨርሱት።

ቀኑ ገፋ። ረሃቡ ጠና። ጦጢት ወደ ላይ ስታንጋጥጥ ወፎች ሾላዋን ይለቅማሉ። ግን ብልጥ ናት፤ አፏን ዘጋች።

«እመት ጦጢትስ? ዛፉ ላይ አልነበርሽም?» አለ ጃርት።

«እሷን እንኳ ተዋት፣ አባ ጃርት» አለ ጅብ። «ያቺ ዓይን ከሾላ ሌላ አታይም።»

ሰባቱ ሳቁ። ጦጢት ረሃብ ትችላለች፤ ይህን ግን አልቻለችም።

«እኔ? እኔ አላይም?» አለች። «አህይት ራሷ ናት ያዳለጣት፤ የገፋት የለም። ኤሊ አገጯን ተሸክማ ዋለች። መጀመሪያ ጎሽ አለፈ፤ ሁለተኛ ዝንጀሮ፤ ሦስተኛ አንተ፣ ተዝካሬ ይወጣል ብለህ።» ሰባቱንም እንደ አመጣጣቸው፣ ካሉት ቃል ጋር ጠራቻቸው።

ጃርት በእያንዳንዱ ስም አንድ እሾህ ከጀርባው እየነቀለ መሬት ላይ ተከለ። ሰባት እሾህ ቆመ። ሳቁ ቀረ።

«እመት ኤሊ ነጻ ናት» አለ። «ሰባታችሁ፣ አህይት እስክትድን ድረስ ቆላ እየወረዳችሁ ጨዋችንን ታመጣላችሁ።» ከዚያ ስምንተኛ እሾህ ነቀለ። «ይህ ያንቺ ነው፣ እመት ጦጢት።»

«የኔ? አባ ጃርት፣ ሕጉ ያለው ‹ያለፈ› ነው። እኔ መች አለፍኩ? ቤቴ ነው የተቀመጥኩት።»

«ነብር ሲመጣ የምትጮሂው ለምንድን ነው?»

«እንዳይበላኝ ነዋ።»

«ስትጮሂ ማን ይመጣል?»

«ሁሉም ይመጣል» አለች፤ ኩራትም ነበረባት።

«እንግዲያው ስሚ» አለ ጃርት። «እነዚህ ሰባቱ አንድ አንድ ጊዜ አልፈዋል። አንዱ ባለፈ ቁጥር ሌላውን መጥራት ትችዪ ነበር፤ አልጠራሽም። አንቺ ከቦታሽ ሳትነሺ ሰባት ጊዜ አልፈሻል።»

ስምንተኛውንም እሾህ ከሰባቱ አጠገብ ተከለ። የጦጢት ቅጣት ይህ ሆነ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታች የሚንቀሳቀስ ባየች ቁጥር፣ ሾላ በአፏ ቢሞላ እንኳ ተፍታ ትጩህ። እስከ ዛሬም ትጮኻለች።

ሰባቱ ግን «ቁጥሩ የጦጣ ቁጥር ነው፤ ውሸት ነው» እያሉ አጉረመረሙ። በአራተኛው ቀን የአህይት ድምፅ ተመለሰ። ጃርት ሁሉንም ይዞ ሄደና «ማጡ ውስጥ ሆነሽ ምን ሰማሽ?» አላት።

«ኮቴ» አለች አህይት። «ሰባት ጊዜ ኮቴ ሰማሁ። ሰባቱንም ጊዜ ዳንኩ ብዬ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ያጉረመረመ የለም። ጎሽ የመጀመሪያውን ጭነት ሊያመጣ ወደ ቆላ ወረደ። ኤሊን አመሰገኗት፤ እሷም ውሃዋን ጠጥታ መንገዷን ቀጠለች። ጀርባዋ የአህይት አገጭ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ስንጥቅጥቅ ነው።

እናንተም አሥራ አንድ ናችሁ፤ አንዱ ግን ተኝቷል። ሲነቃ ያመለጠውን ንገሩት፤ ሌላው ይነግረዋል ብላችሁ እንዳትተዉት። ቢያንስ መጨረሻውን ንገሩት፦

ማጥ ይይዛል፤ ዝምታ ይቀብራል።