ልብስ ሰፊው እና መርፌው

አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ከልጅነቱ ጀምሮ ወፍራም ነበር። ይጾማል፣ በእግሩ ይሄዳል፣ እራቱን ይተዋል፤ ትንሽ ይቀንስና ረሃቡ አላስችል ሲለው መልሶ ይወፍራል። ዕድሜው ሲገፋ ልቡ ደከመ። ከቤቱ እስከ ሱቁ ለመድረስ እንኳ መንገድ ላይ ቆሞ ማረፍ ጀመረ።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟም «ይሄ በሽታ ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ሰው ሲበላ ሰውነቱ ‹በቃኝ› የሚያሰኝ ሆርሞን ያመነጫል። ይህ መርፌ እሱን የሚመስል ነው። በየሳምንቱ ትወስደዋለህ፤ ሳትነግረኝ እንዳታቆም» አለችው።

ወሰደ። መጀመሪያ ማቅለሽለሹ አስቸገረው፤ ቆይቶ ለቀቀው። ወራት ሲያልፉ ሰውነቱ ቀለለ፤ የገዛ ሱሪዎቹን ማጥበብ ያዘ። ሚስቱ ሲሠራ ሲያንጎራጉር ትሰማው ነበር።

ታላቅ ወንድም ነበረው፤ ቀጭን፣ ብርቱ ጾመኛ። በአንድ የዘመድ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊውን «እንዴት አምሮብሃል!» ሲለው፣ ወንድምየው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሆዱን መግዛት ቢያቅተው በመርፌ ሰፋው እኮ!» አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ። ልብስ ሰፊውም አብሮ ሳቀ። ቤቱ ሲገባ ግን የቀረውን መድኃኒት ሁሉ ሰብስቦ ጣለ። ሚስቱ ብትለምነው «እኔም እንደ ሰው በራሴ ልሞክር» አላት። ለሐኪሟም አልነገራትም።

ረሃቡ ተመለሰ፤ ክብደቱም ተከተለው። የደከመው ልቡ አልቻለም፤ ዓመት ሳይሞላ ሞተ።

ለቅሶ ቤት ወንድምየው እንዳቀረቀረ «ቁርጠኝነት የጎደለው መስሎኝ ነበር» አለ።

ሚስቲቱ ቀና ብላ አየችው። «መርፌውን ይወስድ በነበረ ጊዜ፣ አንድ ቀን ማዕድ ላይ እጁን ሰበሰበና ‹ጠገብኩ› አለኝ። ከዚያ አለቀሰ። ‹ሌላው ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰማው?› ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን አያውቀውም ነበር።»



ምንትዋብ ልጄ፣ «እህቴ በጾምና በጸሎት መቀነስ ሲገባት መርፌ መወጋቷ ነውር አይደለም ወይ፣ አባ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። መድኃኒቱ ይስማማት እንደሆነ ሐኪሟ ታያለች። ምን ያህል እንደሚርባት ግን አንቺ አታውቂም፤ እኔም አላውቅም። በማኅበሩ ቀን ሰው ፊት ምን እንዳልሻት ሰምቻለሁ። ያ ወንድም አንቺ ነሽ። እሱ ይቅርታ የሚጠይቀው ሰው አጣ። ያንቺ እህት አለች፤ አሁንም ቤቷ ናት። ተነሺ፣ ሂጂ።