አህያና የአንበሳ ዓሦች

አንድ ጊዜ አንበሳ በዋሻው ደጃፍ፣ በድንጋይ ገንዳ ውስጥ የሚያኖራቸው የሚያማምሩ ትናንሽ ዓሦች ነበሩት። ሊበላቸው አልነበረም፤ ሲዋኙ እያየ መዋል ደስ ይለው ነበር። በሚያዝያ ሐሩር ለአደን ሊወርድ ሲል አህያን ጠርቶ «አደራ፣ ዓሦቼን ጠብቂ። ስመለስ አንዷ እንኳ ሞታ ካገኘሁ የምበላው አንቺን ነው» አላትና ሄደ።

ቀበሮ ይህን ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆና ሰማች። «አህያ ዓሣ ልትጠብቅ! እንቅልፍ ሲያሸልባት አንድ ሁለቱን ላፍ አደርጋለሁ» ብላ አደባች።

አህያ ግን እንቅልፍ የት ታውቅና! ፀሐይ ሳትከር ቅጠላም ቅርንጫፎች እየጎተተች ገንዳውን አለበሰችው። ውሃው ሞቆ ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ሲዘጉ ስታይ፣ ሁለት ቅል ተሸክማ ገደል ሥር ካለው ምንጭ ቀዝቃዛ ውሃ ታመላልስ ጀመር። ያንንም ከፍ አድርጋ ጠብ ጠብ እያደረገች ነበር የምትጨምረው።

ቀበሮ ትዕግሥቷ አለቀና ብቅ አለች። «እመት አህያ፣ አንዴ ገልብጠሽው አታርፊም?»

«በላብ ተጠምቀሽ ሳለ በረዶ ውሃ ውስጥ ቢወረውሩሽ ደስ ይልሻል? ብርዱ ድንገት ከመጣባቸው ከሙቀቱ ብሶ ይገድላቸዋል። ቀስ ሲል ነው የሚለምዱት» አለቻትና ተመልሳ ወረደች።

ቀበሮ ቆማ አየቻት። ዳገቱ ላይ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ እንኳ ከቅሉ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። ቀበሮ በዕድሜዋ ብዙ ብልጥ አይታለች፤ እንዲህ ያለ ታማኝ ግን አላየችም። የስርቆቱ ሐሳብ ከልቧ ወጣ።

ከቀትር በኋላ አህያ ምንጭ ወርዳ ሳለ አውሎ ነፋስ መጣና ቅርንጫፎቹን ጠራርጎ ገደል ከተታቸው። ፀሐይዋ ገንዳው ላይ ነደደች። በዚህ መሃል ጅብ ምራቁን እያዝረበረበ ከተፍ አለ።

ቀበሮ በጉልበት አትችለውም። ስለዚህ እጅ ነሳችው። «አያ ጅቦ፣ እንኳን መጣህ! አሁን ግን አትንካቸው፤ ጥሬውን ከበላኸው እሾሁ ጉሮሮ ይወጋል። ጥቂት ብትታገሥ ፀሐይዋ ራሷ ቀቅላ ታቀርብልሃለች።»

«ቀቅላ?» አለ ጅብ ዓይኑ ፈጦ።

«ቀቅላ! ብቻ ወዲህ፣ በፀሐይዋ በኩል ተጠግተህ ቁም፤ ዘለው የሚያመልጡት በዚያ ነው።»

ጅብ ተጠግቶ ተገተረ። ሰፊ ጥላውም ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሸፈነው። ጀርባው እየነደደ «ገና ነው?» ሲል፣ ቀበሮ «ሊደርስ ነው፣ ሊደርስ ነው!» ትለዋለች።

አህያ ስትመለስ ጅብን አይታ ባለችበት ቆመች። ቀበሮ ጠቀሰቻት። አህያም ገባትና፣ እየፈራችም ቢሆን፣ ከጅብ አፍንጫ ሥር ውሃዋን ጠብ ጠብ ማድረጓን ቀጠለች።

«ምን እያደረገች ነው?» አለ ጅብ።

«ወጡ እንዳያርር ውሃ እየጨመረችልህ ነዋ!» አለች ቀበሮ።

ሲመሻሽ አንበሳ እያገሳ መጣ። ጅብ ድምፁን ሲሰማ ጅራቱን ሸጉጦ ፈረጠጠ። አንበሳ ጎንበስ ቢል ዓሦቹ በሙሉ ይዋኛሉ። ቀበሮ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። አንበሳም የአህያን ያበጠ ጉልበት አይቶ አፈረ። «እበላሻለሁ ብዬሽ ነበር። እንዲህ ያለ ጠባቂ የሚበላ ንጉሥ ግን ከጅብም የባሰ ሞኝ ነው፤ አንቺ አሁን እረፊ» አለና፣ ቅሎቹን አንሥቶ ራሱ ወደ ምንጩ ወረደ።

ከዚህ የምንማረው፣ አደራውን በትዕግሥት የሚወጣ ሊሰርቀው የመጣውን እንኳ ረዳቱ እንደሚያደርግ ነው።