እመት ዱባ እና አፈር የለበሰችው ንብ

ተረቴ ካጥር ሥር በቀለ፤ ሰሚ ጆሮ ካለ!

ድሮ ነው፣ አበባና ነፍሳት ሲነጋገሩ። በአንድ አጥር ላይ እመት ዱባ የምትባል ሐረግ ነበረች። ልጆቿ አበቦቿ ነበሩ። የዱባ አበባ ዕድሜዋ አንድ ጠዋት ነው፤ ጎህ ሲቀድ ትከፈታለች፣ ፀሐይ ሲበረታ ትዘጋለች። በዚያች ጠዋት ንብ ከወንዴ አበባ ብናኝ ካላመጣችላት፣ ፍሬ ሳትሆን ትረግፋለች።

የመጀመሪያ ልጇ ስትከፈት፣ ቢጫና ጥቁር ዝንጉርጉር እንግዳ መጣ።

«እንዴት አደሩ እመት ዱባ? ንብ ነኝ።»

«እሰይ! ግባ የኔ ጌታ!»

ከኋላው አንዲት አፈር የለበሰች ትንሽ በራሪ ብቅ ብላ ነበር። እመት ዱባ ግን «ሂጂ ወዲያ! ልጄን ታቆሽሺብኛለሽ» ብላ አባረረቻት። እንግዳው ገባ፣ ጠጣ፣ ጠግቦ ወጣ። ልጅቱ ረገፈች።

እመት ዱባ አለቀሰች። ከቅጠሏ ሥር የሚኖረው ሽማግሌው ቀንድ አውጣ አንገቱን አወጣ።

«ክንፉን ቆጥረሻል?»

«ኧረ እኔ ያየሁት ቀለሙን ነው!»

«ሁለት ክንፍ ያለው ዝንብ ነው። ንብ አራት አላት።»

ሁለተኛዋ ልጅ ተከፈተች። ሌላ ዝንጉርጉር መጣ፣ ወገቡ ቀጭን፣ ሽክ ያለ።

«ክንፍህን ዘርጋ!» አለች እመት ዱባ። ቆጠረች፤ አራት ነው። «ግባ!»

ያችን አፈር ለባሽ ዛሬም አባረረቻት። ሽክ ያለው ገባ፣ ጠጣ፣ ወጣ። ሁለተኛዋም ረገፈች።

«አራት ክንፍማ ተርብም አለው!» አለ ቀንድ አውጣ። «እግሩ ግን ልሙጥ ነው፤ ብናኝ አይዝም። የንብ እግር ጠጉራም ነው።»

አሁን የቀረችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ተርብ ደግሞ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ፣ በጠዋቱ እግሩ ላይ ጥጥ ለጣጥፎ መጣ።

«አራት ክንፍ፣ ጠጉራም እግር! ያስገቡኝ እመት!»

እመት ዱባ ልታስገባው አለች፤ ግን ሁለቴ መታለሏ ትዝ አላት።

«እስቲ እግርህን አራግፍ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አራግፍ አልኩህ!»

ቢያራግፍ ጥጡ ቡን! አጥሩ ሁሉ ነጭ ሆነ። ቀንድ አውጣ እስኪያስለው ሳቀ፤ ተርብም አፍሮ በረረ።

ያኔ አፈር ለባሿ ቀስ ብላ ተጠጋች። ሳትጠየቅ አራት ክንፎቿን ዘረጋች፣ እግሯን አራገፈች። አፈሩ ረገፈ፤ ጠጉሩና በላዩ የተጣበቀው ወርቅማ ብናኝ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይህን ከየት አመጣሽው?»

«ከማዶው ወንዴ የዱባ አበባ። እኔ የዱባ ንብ ነኝ፤ ባቄላ አላውቅም፣ ጎመን አላውቅም። ቤቴ ጉድጓድ ስለሆነ ነው አፈር የምለብሰው። እርስዎ ካላስገቡኝ ልጆቼ በረሃብ ያልቁብኛል።»

እመት ዱባ ፊቷን የምታስገባበት አጣች።

«ሁለት ጠዋት ያባረርኩሽ… ይቅር በይኝ ልጄ! ግቢ፣ ፀሐዩ በረታ!»

አበባዋ መታጠፍ ጀምራ ነበር። ንቧ ተሹለክልካ ገባች፤ ብናኟን አበባዋ ላይ አሻሸች፤ የልጆቿን ስንቅ ይዛ ወጣች።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አጥሩ በአንድ ትልቅ ዱባ ክብደት ተንጋደደ። በጉድጓዱም ውስጥ ጠጉራም እግር ያላቸው ሕፃናት ጥዝዝ አሉ።

ለዚህ ነው፣ ቀለም ያየ ተታለለ፤ እግር ያየ ለየ የሚባለው።