የሾላዋ ትንኝ

ተረቴ አጭር ናት። ዝም ካላችሁልኝ እነግራችኋለሁ።

ድሮ፣ ዛፍም ነፋስም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ምንጭ ዳር አንዲት ሾላ ነበረች። ባገሩ ሌላ ሾላ የለም። እመት ጦጣ ከልጇ ጋር እላይዋ ትኖራለች። ልጇ ጡት የጣለው በቅርቡ ነው፤ ከሾላ ፍሬ ሌላ ብትሰጠው ይተፋል።

ፍሬው ውስጥ ትንኝ አለች። ሾላ የበላ ያውቃታል። ሲገምሱት ቡን ትላለች፤ እፍ ብሎ መብላት ነው።

እመት ጦጣ እፍ ማለት ሰለቻት።

«አንቺ! እዚህ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው?»

«እገባለሁ፣ እወጣለሁ።»

«ሌላስ?»

«እገባለሁ፣ እወጣለሁ።»

«ወይ ጉድ! ምንጩ የሾላን ሥር ያጠጣል። ወፉ ዘሯን ይበትናል። አንቺ መግባትና መውጣት!»

«እኔ እንጃ እመቤቴ። እናቴም እንዲሁ ነበረች።»

እውነቷን ነው። አታውቅም።

ጦጣ ማር ቆራጮች ጥለውት ከሄዱት የሚጤስ ኩበት ላይ ጢስን ይዛ መጣች።

«ማንን ላባርር? ንብ ነች?» አለ ጢስ።

«ንብ ብትሆንማ ማር በሰጠች! በነጻ የምትበላ ናት።»

ጢስ ዛፏ ላይ ወጣ። ትንኞቹ አለቁ።

ሾላዋ አፈራች። ፍሬው ገና አረንጓዴ ሳለ ዱብ፣ ዱብ አለ። «ነፋስ ነው» አለች ጦጣ። ደግማ አፈራች። ዱብ፣ ዱብ። «ወፍ ነው» አለች። ሦስተኛ አፈራች። ዱብ፣ ዱብ። ነፋስ የለ። ወፎቹም ርቧቸው ከሄዱ ቆይተዋል።

ጦጣ አንዱን አንስታ ገመሰችው። ባዶ! ዘር የለ፣ ጣዕም የለ። ክው አለች።

«እማማ ሾላ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔስ መች አወቅሁ ልጄ» አለች ሾላ። «ያቺ የምትገባው፣ የምትወጣው ቀረች። እሷ ስትቀር ሁሉም ቀረ።»

«ያቺ? ያቺ ብናኝ?»

«ያቺ።»

ጦጣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቀረች። የልጇ ጎድን ይቆጠራል።

«አባ ነፋስ፣ በልጄ ይሁንብህ፣ ከሩቅ አገር ትንኝ አምጣልኝ!»

ሄደ፤ አቧራ ይዞ መጣ። ሄደ፤ ገለባ ይዞ መጣ። ሦስተኛ ሄዶ፣ «አንዲት ብቻ አገኘሁ፤ እሷም ደክሟታል» አለ።

ሾላዋ አራተኛ አፍርታ ነበር፤ ትንኟ ካንዲቱ ፍሬ ገባች። በሩ ጠባብ ነውና ክንፏ ደጅ ቀረ፤ እዚያው ውስጥ ወለደች። ከዚያ ሁሉ ፍሬ አንዲቱ ብቻ ቀላች።

ጦጣ ገመሰቻት። ትንኞቹ ቡን አሉ። ልጇ እጁን ሰደደ፤ ያዘችው።

«እማዬ፣ ርቦኛል!»

«ዝም በል! መጀመሪያ እመቤቶቹ ይውጡ።»

አንድ በአንድ ወጡ። ወደ አረንጓዴዎቹ ፍሬዎች ሄዱ። የመጨረሻዋ ስትበር ነው ልጁ የጎረሰ።

የተማሩት ይህን ሥርዓተ ምህዳር ይሉታል አሉ። ምንጩም፣ ወፉም፣ ዛፉም፣ ትንኟም አንድ ቤት ናቸው ማለት ነው አሉኝ። እኔ ስሙን የሰማሁት ቅርብ ጊዜ ነው። የማውቀው ይህን ነው፦ ሥራው ያልገባችሁን አታባርሩ፤ እሱም ራሱ አያውቀው ይሆናል።

ተረቴ አለቀች። ሾላ ስትገምሱ ቀስ በሉ።