የገብስማ ጠብታና የሸለምጥማጥ መድኃኒት

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፣ ስሙ ከሰው አፍ በጠፋ አንድ አገር። ፈንግል የሚሉት የዶሮ ጨራሽ በሽታ ማዶ ሰፈር ገባ ተባለና የዶሮው መንደር ተሸበረ።

ገብስማ የምትባል ዶሮ የፈንግልን ክትባት ከጅግሮች ተምራ መጣች። ዓይን ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ፣ በቃ! «በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተከተቡት ጅግሮች ፈንግል መጥቶ ሲሄድ ቆመው ቀሩ፤ ካልተከተቡት የተረፈው ላባ ነው» እያለች ቤት ለቤት ዞረች።

«ያመናል እንዴ?» ሲሏት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ «ምንም ምንም አይላችሁ!»

ምንም ምንም? ውሸቷን እኮ ነው! ጠብታው አንድ ቀን ድብት እንደሚያደርግ ታውቃለች። ብነግራቸው ይሸሹኛል ብላ ዋጠችው።

በማግስቱ የተከተቡት ክንፋቸውን ጥለው ሲያንቀላፉ ዋሉ። ሸለምጥማጥ ሆዬ ይህን ሲያይ ጊዜ አጥር ላይ ወጥቶ፣ «አያችሁ፣ ልትገድላችሁ ነው! ወደ ጉድጓዴ ኑ፤ የኔ መድኃኒት ምንም ምንም አይላችሁ!» አለ።

የገብስማ ታናሽ እህት ወሰራ ሌሊቱን ስትብሰለሰል አድራ፣ ሲነጋ ስድስት ጫጩቶቿን አስከትላ ወደ ጉድጓዱ መንገድ ጀመረች። ገብስማ ትንፋሿ እስኪቆረጥ ሮጣ ከፊቷ ተገተረች።

«እህት ዓለም፣ ተመለሺ!»

«ዞር በይልኝ፣ ዋሾ!»

«አዎ፣ ዋሽቻለሁ። አንድ ቀን ድብት ያደርጋል፣ ጥሬም ያስጠላል። በማግስቱ ይለቃል። ፈንግል ግን አይለቅም። እንዳትፈሪ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።»

ወሰራ ዞር ብላ አየች። ትናንት ሲያንቀላፉ የነበሩት አመድ እየጫሩ ትል ይሻማሉ! አጥሩ ላይ ሆኖ ወደሚጠብቃት ሸለምጥማጥ ፊቷን አዞረች።

«አያ ሸለምጥማጥ፣ ያንተ መድኃኒትስ ምን ጉድ አለበት?»

«የኔ? እንከን አይገኝበትም!»

«እስቲ ያዳንካትን አንዲት ዶሮ ጥራልኝ።»

«እ... እነሱማ... ደስ ብሏቸው እዚያው ቀሩ።»

«እዚያው ቀሩ?!»

መንደሩ መጀመሪያ በሳቅ ፈነዳ፣ ቀጥሎ በቁጣ። አውራ ዶሮው ከፊት፣ እናቶቹ ከኋላ፣ በመንቁር እየነቆሩ ግማሽ ጠጉሩን አስጥለው ከቀዬው አባረሩት።

«ስንት ቀን ነው ድብት የሚያደርገው ያልሽው?» አለች ወሰራ ጫጩቶቿን እያሰለፈች።

«አንድ።»

«በይ ጠብ አድርጊው!»

ፈንግል መጣ፤ ሄደ። ስድስቱም አድገው ግቢውን በጫጫታ ሞሉት።

ልጆቼ፣ አዋቂዎቹም ስሙ፦ ትንሿን እውነት የደበቀ፣ በትልቋም ተናቀ።